«እንደ እናንተ አቃጥሉልኝ»

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ፣ ከዌስተርን ጎዳና እስከ ኖርማንዲ ጎዳና የሚዘልቀው ስድስት ብሎክ መንገድ የታይላንዳውያን ሰፈር ነው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 «ታይ ታውን» የሚለውን ስም አጽድቆለታል፤ በአሜሪካ በታይላንድ ስም የተሰየመ የመጀመሪያው ሰፈር ነው። በሰፈሩ ጫፍና ጫፍ ከወገብ በላይ ሴት፣ ከወገብ በታች አንበሳ የሆኑ ወርቃማ ሐውልቶች ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ወርቁ ግን እዚያው ላይ ያልቃል። ሐውልቶቹን አልፎ ምሳ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው መኪና ማቆሚያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ጥፍር ቤትና የሐዋላ ቤት ነው፤ በመካከላቸውም ስሟ በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ተሰክታለች። በከተማው ውስጥ በጣም የሚጣፍጠው ምሳ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚችው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው።

አቀማመጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በሎስ አንጀለስ ብዙ ማደያዎች ተዘጉ፤ የማዕዘን ቦታዎቻቸውንም ነጋዴዎች ገዝተው ትናንሽ ሱቆች ደረደሩባቸው፤ ከፊታቸው ጥቂት መኪና የሚያስቆም አስፋልት ተረፈ። ኪራዩ ረከስ ስለሚል ከባሕር ማዶ መጥቶ ንግድ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ሱቆች ነው። ስለዚህ የምግብ ቤቷ ፊት ምንም አለማማሩ የባለቤቷን ጣዕም አያሳይም፤ የሚያሳየው ገንዘቡ ከግድግዳው ይልቅ ወደ ድስቱ መግባቱን ነው። የሎስ አንጀለሱ የምግብ ሐያሲ ጆናታን ጎልድ ዕድሜውን ያሳለፈው እንዲህ ባሉ ሱቆች ሲበላ ነበር። በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት ሲያገኝ ከምግብ ሐያስያን የመጀመሪያው ሆነ፤ በእርሱ ብዕር የተነሣ ከልብስ ማጠቢያ ጎን ተሰልፎ ምሳ መጠበቅ የዐዋቂነት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። ሰልፉ የበረከተ እንደሆነ አስቸጋሪው ነገር መኪናው ነው። የማቆሚያው ቁጥርና የተመጋቢው ቁጥር ታርቀው አያውቁም፤ አንድ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ወደ መኪናው ሲያመራ ሦስት ሾፌር በእግር ፍጥነት ይከተለዋል።

በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ተለጥፏል። የካውንቲው ጤና ቢሮ ከ1998 ጀምሮ ምግብ ቤቶችን እየመረመረ «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ሲ» ይሰጣል፤ 90 እና ከዚያ በላይ ያመጣ «ኤ»፣ ከ80 እስከ 89 ያመጣ «ቢ» ይለጥፋል። ለአብዛኛው ሰው ይህ የንጽሕና ምስክር ነው። በሰፈሩ ነባር ተመጋቢዎች ዘንድ ግን «ቢ» የተለጠፈበት ቤት የበለጠ ይጣፍጣል የሚል ወሬ ይዞራል። ወሬው ማስረጃ የለውም፤ ደጋፊ ግን አጥቶ አያውቅም፤ በተለይ «ኤ» ያለበት ቤት ውስጥ ወንበር ያላገኙ ሰዎች አጥብቀው ያምኑበታል።

ውስጡ ሲገባ ስምንት ወይም ዐሥር ጠረጴዛ፣ የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ በመስታወት የተሸፈነ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጥግ ላይ ድምፁ የተቀነሰ ቴሌቪዥን አለ። ግድግዳው ላይ ከ1946 እስከ 2016 የነገሡት የንጉሥ ቡሚቦል ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ንጉሡ የተወለዱት በ1927 በማሳቹሴትስ ግዛት ስለሆነ፣ በሰው አገር የተሰቀሉ ቢመስሉም የተሰቀሉት በትውልድ አገራቸው ነው። ከፎቶግራፉ ዝቅ ብሎ ትንሽ መቅደስ ይታያል፤ በላዩ አበባ፣ ዕጣን፣ አንዳንዴም ተከፍቶ ስትሮው የገባበት ቀይ ፋንታ ይቀመጣል። ፋንታው ለመናፍስቱ የቀረበ ነው። ታይላንዳውያን ቤቱን ለሚጠብቁ መናፍስት ቀይ ለስላሳ ማቅረብ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ መናፍስቱ ስኳር ይወዳሉ ተብሎ ይታመናል። ከባንኮኒው ዘሎ ያን ጠርሙስ የሚያነሳ እንግዳ ልጅ እናቱን በሁለት ቋንቋ ይቅርታ ያስጠይቃታል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም ልብ ሊባል ይገባዋል። የታይላንድ ዘመን የሚቆጠረው ከቡድሃ ሞት ጀምሮ ሲሆን ከአውሮፓው በ543 ዓመት ይቀድማል፤ 2025 በዚያ ግድግዳ ላይ 2568 ነው። ኢትዮጵያዊ ደንበኛ እዚያ ሲቀመጥ ሦስት ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ይገናኛል፤ ለምሳሌ በ2025 አጋማሽ ስልኩ 2025፣ ከአዲስ አበባ የተላከለት የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ 2017፣ ግድግዳው 2568። የሚያጽናናው ሰዓቱ ነው። አሜሪካዊው ከምሽቱ ሰባት ሰዓት የሚለውን ታይላንዳውያን በባህላዊው አቆጣጠራቸው አንድ ይሉታል፤ ስምንቱን ሁለት፣ ዘጠኙን ሦስት። ከመሸ በኋላ ታይላንዳዊና ኢትዮጵያዊ ብቻቸውን ቢቀጣጠሩ ማንም ማንንም አያስጠብቅም ነበር፤ መካከላቸው ፈረንጅ ሲገባ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ታይላንዳውያን ወደዚህ ከተማ በብዛት የመጡት የ1965ቱ የስደተኞች ሕግ የእስያውያንን በር ከከፈተ ወዲህ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በታይላንድ ትልልቅ የአየር ኃይል ሰፈሮች ስለነበሩት የሁለቱ አገሮች ሰዎች በደንብ ተዋውቀው ነበር። መጀመሪያ ተማሪዎች መጡ፤ ተማሪዎቹ ሲርባቸው ምግብ አብሳይ ሆኑ፤ የሠለጠኑበትን ሙያ ትተው ድስት ላይ የቀሩም ጥቂት አይደሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሜልሮዝ ጎዳና አጠገብ ባንኮክ ማርኬት የሚባል ግሮሰሪ ተከፈተ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የታይላንድ ሸቀጥ መደብር እርሱ መሆኑ ይነገራል። ከዚያ በፊት አብሳዮቹ በተገኘው ነገር ነበር የሚሠሩት፤ በፓድ ታይ ውስጥ በተምር ሂንዲ ፈንታ ኬቻፕ የገባው በእንዲህ ያለው ችግር ነው፤ ችግሩ ካለፈ በኋላም ኬቻፑ ከአንዳንድ ቤቶች አልወጣም። የስደቱ ታሪክ ሁሉ ግን በምግብ የሚነገር አይደለም። በነሐሴ ወር 1995 ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኤል ሞንቴ ከተማ 72 ታይላንዳውያን ልብስ ሰፊዎች በሽቦ ከታጠረ ግቢ ነጻ ወጥተዋል፤ ከመካከላቸው ለዓመታት ተቆልፎባቸው የሰፉ ነበሩ። ከእነርሱ ጎን የቆመው የታይላንዳውያን የልማት ማኅበር ነው ከአራት ዓመት በኋላ ሰፈሩን ያሰየመው። ሰፈሩ ስም ባገኘ በሦስተኛው ዓመት፣ በ2002፣ በዚያው ከተማ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ተባለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ ምሳ በአንዱ ቡና በሌላው ለማለት አይበዛም።

ሜኑው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ብዙ ገጽ ያለው፣ እያንዳንዱ ምግብ ቁጥር የተሰጠው ነው። አዲስ እንግዳ የቁጥሩን ብዛት አይቶ ማብሰያውን ከሚሸፍነው መጋረጃ ጀርባ አንድ ክፍለ ጦር ምግብ አብሳይ ያለ ይመስለዋል። ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ምስጢሩ ማባዛት ነው። አረንጓዴ ካሪ፣ ቀይ ካሪ፣ በዝንጅብል የተጠበሰ፣ በበሶብላ የተጠበሰ እያለ የሚሄደው ዝርዝር እያንዳንዱ በዶሮ፣ በከብት ሥጋ፣ በአሳማ፣ በሽሪምፕና በቶፉ ይመጣል፤ ዐሥር አሠራር በአምስት ሲባዛ ሃምሳ ቁጥር ይሆናል፤ ሩዝና ኑድል ሲጨመሩበት ገጹ ይሞላል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም ይህን ሒሳብ ያውቀዋል፤ ጥብስ፣ ደረቅ ጥብስ፣ ለጋ ጥብስ፣ ልዩ ጥብስና ስፔሻል ጥብስ የሚወጡት ከአንድ ብረት ድስት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚታዘዘው ፓድ ታይ ነው፤ ከሁሉ በታች ስለ ቤቱ የሚናገረውም እርሱ ነው። ፓድ ታይ የጥንት ምግብ አይደለም። የአገሩን ስም በ1939 ከሲያም ወደ ታይላንድ የለወጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ፒቡንሶንግክራም ሕዝቡ እንዴት እንዲለብስ፣ እንዴት ሰላምታ እንዲሰጥ ጭምር በአዋጅ ይነግሩ ነበር፤ ኑድል መብላትንም አብረው አስፋፍተዋል፤ ፓድ ታይ የገነነው በዚያን ዘመን ነው። በመንግሥት ቅስቀሳ የተጀመረ ነገር እንዲህ ሲጣፍጥ የታየው ከስንት አንዴ ነው። መንግሥቱ በኋላም አልተኛም፤ በ2002 የታይላንድን ምግብ ቤቶች በዓለም ዙሪያ ለማብዛት ፕሮግራም ነድፎ ለአብሳዮች ሥልጠና፣ ለባለሀብቶች ብድር አመቻችቷል፤ ደረጃውን ለሚያሟሉትም «ታይ ሴሌክት» የሚል ምልክት ይሰጣል። ትንሿ ቤት ይህ ምልክት ላይኖራት ይችላል። ያላት ግድግዳው ላይ በታይኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ከሜኑው ውስጥ የሌለው ነገር ያለው እዚያ ነው። የታንኳ ኑድልም አንዳንዴ ከዚያ ይገኛል፤ ድሮ በባንኮክ ቦዮች ላይ በታንኳ ይሸጥ የነበረ፣ መረቁ በደም የሚወፍር ትንሽ ሳሕን ምግብ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በጎን ጠረጴዛ የቀረበውን በዓይኑ ያመለክታል። ነውር አይደለም፤ አስተናጋጇ ከደንበኛው ጣት ብዙ ተምራለች።

አስተናጋጇ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ እኅት ወይም ሚስት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ ናት። ታይላንዳውያን ደንበኞች በስሟ አይጠሯትም፤ ከእነርሱ በዕድሜ ከፍ ካለች «ፒ»፣ ካነሰች «ኖንግ» ይሏታል፤ እትዬና እኅቴ ብሎ ያደገ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም። እርሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ጥቂት ነው፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው «ምን ያህል ያቃጥል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሜኑው ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር፣ ወይም ከአንድ እስከ ሦስት የቃሪያ ሥዕል ይሰጣል። ችግሩ የቁጥሩ ትርጉም በሰሚው መልክ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። አስተናጋጇ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ከዚያ ደንበኛውን አንድ ጊዜ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ወደ ማብሰያው የሚሄደው ቁጥር የሁለቱ ድርድር ውጤት ነው። ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ ሰው አራት ሲል ማብሰያው ሁለት ይሰማል። ይህ ንቀት አይደለም፤ ልምድ ነው። ሳይበላ የተመለሰ ሳሕን ኪሳራ ነው፤ ፊቱ ቀልቶ የሚያለቅስ ደንበኛም ለሚቀጥሉት ጠረጴዛዎች መጥፎ ማስታወቂያ ነው። በዚህ ጊዜ ከማብሰያው በር «ፋራንግ» የሚል ቃል ይሰማል። ከወርቃማ ፀጉሩ ሰው ጋር የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ታይኛ ባያውቅም ስለ ጓደኛው እየተወራ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ በፈገግታውም ያሳጣዋል።

የኢትዮጵያዊው ተራ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። በሚጥሚጣ ያደገ ሰው በቃሪያ ጉዳይ ማንም እንዲመዝነው አይፈልግም። አገሩ ክትፎ በምን እንደሚበላ፣ አዋዜ ምን እንደሆነ፣ አያቱ በርበሬ ሲደልዙ ጎረቤት እንዴት እንዳስነጠሰ ያስረዳል፤ አስተናጋጇ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። በመጨረሻም «እንደ እናንተ አቃጥሉልኝ» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር በትንሿ ቤት ውስጥ ከፊርማ ይጠነክራል። ፀጉረ ወርቁ ቢለው ሦስት ጊዜ እንዲደግመው ይጠየቅ ነበር፤ እርሱ ግን መልኩም ንግግሩም አሳማኝ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። አስተናጋጇ ትጽፋለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ የዘነዘና ድምፅ ይጀምራል።

የሚወቀጠው ሶም ታም ነው። ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ በቀጭኑ ተልጦ ተዘልዝሎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከትኩስ ቃሪያ፣ ከረጅሙ ፎሶሊያ፣ ከቲማቲም፣ ከደረቀ ሽሪምፕ፣ ከለውዝ፣ ከዘንባባ ስኳር፣ ከሎሚና ከዓሣ ሶስ ጋር በሸክላ ሙቀጫ በእንጨት ዘነዘና ይወቀጣል። ምግቡ የመጣው ከታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን ከሚባለው ደሃና ደረቅ አገር ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ባንኮክ የጎረፉት ኢሳኖች ይዘውት መጡ፤ ዛሬ ያለ እርሱ ገበታ የለም። ፓፓያውም ቃሪያውም ግን የእስያ ተወላጆች አይደሉም። ሁለቱም ከአሜሪካ አህጉር የወጡ ናቸው። ፖርቹጋሎች በ1511 የሲያም ዋና ከተማ ወደነበረችው አዩታያ ደርሰዋል፤ ቃሪያ ወደ እስያም ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚያ መቶ ዓመትና ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱም አገሮች የሚያቃጥላቸው ነገር ቁንዶ በርበሬና ዘመዶቹ ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታይላንዳዊና ሐበሻ ማን ይበልጥ ያቃጥላል ብለው ሲፎካከሩ የሜክሲኮው ዕቃ አጣቢ ከመጋረጃው ጀርባ ቢስቅ መብቱ ነው።

ሶም ታም ላይ የሐበሻው ልምድ የማይጠቅምበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ በርበሬ ደርቆ፣ በፀሐይ ሰንብቶ፣ ከብዙ ቅመም ጋር ተፈጭቶ፣ ከዚያ በሽንኩርትና በቅቤ ረጅም ሰዓት የሚቁላላ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ቅቤው ይይዘዋል፤ እንጀራው ያካፍለዋል። የሶም ታም ቃሪያ ግን ትኩስ ነው፤ ቅቤም ዘይትም አይገባበትም። ትንሹ የታይላንድ ቃሪያ በስኮቪል መለኪያ ከ50,000 እስከ 100,000 ይደርሳል፤ አሜሪካኖች በፒሳ ላይ የሚጥሉት ሃላፔኞ ከ8,000 አያልፍም። ካፕሳይሲን ምላስን አያቃጥልም፤ ያታልላል። ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የሚነቃ የነርቭ ተቀባይ አለ፤ ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍታል፤ አእምሮም እሳት ገባ ብሎ ያምናል። ተቀባዩን በ1997 ያገኘው የካሊፎርኒያው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ኖቤል ተሸልሟል፤ ሽልማቱን የተጋራው አርደም ፓታፑቲያን ከቤይሩት ወደ ሎስ አንጀለስ የተሰደደ አርመናዊ ነው። ከታይ ታውን ጋር ድንበር የሚጋፋው ሰፈር ሊትል አርሜኒያ ስለሆነ፣ የሚያለቅሰው ደንበኛ ማብራሪያ ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

ሐበሻው በሁለተኛው ጉርሻ ዝም ይላል። በሦስተኛው ስለ አየሩ ሁኔታ ይጠይቃል። በአራተኛው ግንባሩ ላይ ላብ ይታያል፤ የላቡ ምክንያት ግን የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ደካማ መሆኑን ያስረዳል። ውኃ ይጠይቃል፤ ውኃ ደግሞ ካፕሳይሲንን አያሟሟም፤ አፍ ውስጥ እያዞረ ያከፋፍለዋል። አስተናጋጇ ይህን ሁሉ አይታ የምታውቀው ስለሆነ ሳትጠየቅ ብርቱካናማውን የታይላንድ በረዶ ሻይ ታመጣለች። ከላዩ የሚፈስበት የተጨመቀ ወተት ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ስላለው ካፕሳይሲኑን ይዞ ይሄዳል። ከሳሕኑ ጎን የተቀመጠው ጥሬ ጥቅል ጎመንም ለጌጥ አልመጣም፤ ይበላል፤ ይጠቅማል። በጠረጴዛው ላይ ስለ ጉዳዩ ማንም አይናገርም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ አስተናጋጇ ሳትጠይቀው «ሦስት» ትጽፋለች፤ እርሱም አያርማትም።

ምግቡ በተራ አይመጣም። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ዋና ምግብ የሚል ሥርዓት በዚህ ቤት የለም፤ ከምድጃው የወረደ ሁሉ ወዲያው ይቀርባል፤ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል፤ ከሁሉም ሰው ፊት ያለው ሩዝ ብቻ ነው። አንድ ሰው አንድ ሳሕን ብሎ ማዘዝ የብቸኛ ሰው ወይም የቢሮ ምሳ ነው። አራት ሰው ከሆነ አንድ ሾርባ፣ አንድ ካሪ፣ አንድ ጥብስ፣ አንድ የተወቀጠ ነገር አድርጎ ይካፈላል፤ የሚያቃጥለው ከሚያበርደው፣ ኮምጣጣው ከጣፋጩ ጋር ይመዛዘናል። ሾርባው ቶም ያም ከሆነ ጠጅ ሣር፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ጋላንጋልና የሎሚ ዝርያ ቅጠል በውስጡ ይንሳፈፋሉ። ዩኔስኮ በ2024 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው የሽሪምፕ ቶም ያም ይህ ነው። ቅጠሉና ሣሩ አይበሉም፤ ለጥቂት ደቂቃ ሲታኘክ የቆየ ጠጅ ሣር ያለው ሰው አዲስ እንግዳ መሆኑ ይታወቃል። መሐሉ የጋራ ስለሆነ የሐበሻ ደንበኛ በዚህ ገበታ ከማንም በላይ ይደላደላል፤ የሚጨነቀው የእኔ ሳሕን የቱ ነው የሚለው ፈረንጅ ነው።

ቾፕስቲክ የሚጠይቅ እንግዳ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱ ጨዋነት ነው። ታይላንዳውያን ቾፕስቲክ የሚይዙት ከቻይና ለመጣው ኑድል ነው፤ ሩዝ የሚበሉት በማንኪያና በሹካ ነው። ማንኪያው ቀኝ እጅ ላይ፣ ሹካው ግራ እጅ ላይ ይሆናል፤ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ አፍ ውስጥ አይገባም። ቢላ የለም፤ መክተፉ ማብሰያው ውስጥ ተጠናቋል። ማንኪያና ሹካው የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ቤተ መንግሥቱ የአውሮፓን ሥርዓት ሲቀበል ነው፤ ከዚያ በፊት ሕዝቡ በእጁ ይበላ ነበር። ኢሳኖች ዛሬም በእጅ ይበላሉ። የእነርሱ ሩዝ ሙጫ ያለው፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ በቀርከሃ መሶብ የሚቀርብ ነው። ቆረስ ተደርጎ በጣት ይድቦለቦልና ካሪው ወይም ማጥቀሻው ላይ ይጠቀሳል። ኢትዮጵያዊው ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም፤ አብሮት የተቀመጠውን ሰው ለማጉረስ እጁን ሲዘረጋ ግን ጠረጴዛው ለአፍታ ዝም ይላል፤ ያ ልማድ በዚያ አገር የለም።

በየጠረጴዛው አራት ብልቃጥ የያዘ ማስቀመጫ አለ፤ ስኳር፣ ቃሪያ የገባበት ኮምጣጤ፣ ቃሪያ የገባበት የዓሣ ሶስ፣ የደረቀ ቃሪያ ድቃቂ። እነዚህ ለኑድል የተዘጋጁ ናቸው። አብሳዩ ኑድሉን ሆን ብሎ ለዘብ አድርጎ ያወጣዋል፤ ማስተካከሉ የበላተኛው ሥራ ነው። ሳይቀምስ ከአራቱም የሚጨምር ታይላንዳዊ ማየት የተለመደ ነው፤ አብሳዩም አይከፋም። ኑድል ላይ ስኳር ሲጨመር የሚያይ ሐበሻ ግን ይከፋዋል፤ ፓስታ ላይ በርበሬ ስጎ ሲያደርግ የኖረ ሰው ያን ያህል መደንገጡ አይገባም ነበር።

ጾም ሲመጣ አዲስ ጉዳይ ይነሣል። የኦርቶዶክስ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀን ሥጋና ወተት አይነካም፤ የፌርፋክሱ በየዓይነቱ የሰለቸው ጿሚ ትንሿ የታይላንድ ቤት በደስታ ትታየዋለች። በካሪው ውስጥ ወተት የለም፤ ያለው ኮኮናት ነው፤ ቶፉው ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው። ጉዱ ያለው መረቁ ውስጥ ነው። ጨው በሚገባበት ቦታ ሁሉ ከአንቾቪና ከጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣው የዓሣ ሶስ ይገባል፤ የካሪው ቅመም ብዙውን ጊዜ ከሽሪምፕ ጋር የተወቀጠ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አላለቀም፤ ሽሪምፕ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው ከጾም ውጪም አከራካሪ ነው። «ሥጋ የለበትም?» ብሎ መጠየቅ መልስ አያመጣም፤ ዓሣ ሶስን ሥጋ ብሎ የሚቆጥር የለምና «የለበትም» ይባላል። የሚያዋጣው «ጄ» ብሎ ማዘዝ ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን በዘጠነኛው የጨረቃ ወር፣ በመስከረምና በጥቅምት ገደማ፣ ለዘጠኝ ቀን ከእንስሳ ተዋጽኦ ሁሉ ይታቀባሉ፤ ምግቡ ጄ ይባላል፤ የሚሸጥበት ቤት ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል። ጄ ሽንኩርትንና ነጭ ሽንኩርትንም ይከለክላል። ያለ ሽንኩርት ወጥ አይታሰብም ብሎ የሚያምነው ጿሚ ይህን ሲሰማ፣ ከእርሱ የሚከብድ ጾም በዓለም ላይ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀበላል።

ሂሳቡ ሲመጣ ትንሽ ነው፤ «ካሽ ብቻ» የሚል ወረቀትም ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ላይ ተለጥፏል፤ የካርድ ኩባንያው የሚቆርጠው ከዚህች ትርፍ ላይ ብዙ ነው። የሐበሻ ቡድን ከሆነ ባንኮኒው ፊት ለፊት የተለመደው ግብግብ ይነሣል። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ ሌላው ገንዘቡን አስቀድሞ ለአስተናጋጇ በምሥጢር ሰጥቷል። አስተናጋጇ አትደነግጥም፤ በአገሯ ልማድ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ከፍ ያለው ሰው ይከፍላልና የምትፈልገው የትኛው ታላቅ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው። ቲፕ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል፤ ምግቡ ርካሽ ነው ብሎ ቲፑን የሚያሳንስ ሰው ሳሕኑን ያመጣለት እጅ ከውድ ቤቶቹ እጅ እኩል መድከሙን ረስቷል።

የተረፈው በካርቶን ተቋጥሮ ይሰጣል፤ ሁሉም ግን አይቋጠርም። ፓፓያው ውኃውን ለቆ ስለሚልፈሰፈስ እዚያው ማለቅ አለበት። የታንኳ ኑድል መረቁን ጠጥቶ ያብጣል። ካሪ ሲያድር ይሻላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ሩዙ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሩዝ ስለሚደርቅና እርስ በርሱ ስለማይጣበቅ ለሩዝ ጥብስ ከትኩሱ ይመረጣል፤ በማግስቱ ጠዋት በዕንቁላል፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት የዓሣ ሶስ ብረት ምጣድ ላይ ይገላበጣል። ዓሣ ሶስ ቤት ውስጥ ከሌለ በጨው ይሠራል፤ ሚጥሚጣ የሚጨምርበትም አለ።